በመቁጠሪያ የተለካ ሩጫ

እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ ንፋስ መውጫ ላይ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። የፎቶ ኮፒ ቤቴ ደንበኞች፣ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች፣ የባለቤቴ ዘመዶች ሳይቀሩ በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ አምስት ሺህ ሜትር ሮጬ ሁለተኛ እንደወጣሁ ያውቃሉ። ያወቁትም ከታማኝ ምንጭ ነው፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ ወጣሁ ብቻ ነበር የምለው። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንደኛ የወጣው ልጅ በደረት ብቻ እንደቀደመኝ ጨመርኩበት። በቅርቡ ደግሞ የልጁ ደረት ከሰው ሁሉ ደረት አንድ ክንድ ወደፊት የወጣ ነበር ማለት ጀምሬ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ሠላሳ አንድ ሯጮች ነበርን፤ ሠላሳ አንደኛ ወጣሁ። አርባ ብንሆን አርባኛ እወጣ ነበር፤ ጠባዬን አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ ከዩኒቨርሲቲው ነው» አለች አንዲት ወጣት። «በስፖርት ታሪካችን ብልጫ ያሳዩ አትሌቶችንና አሰልጣኞችን ልናከብር ነው። ስማቸው በሰሌዳ ተቀርጾ ጂምናዚየሙ በር ላይ ይሰቀላል። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ።»

«ቀኑ መቼ ነው? ሱፌን ላሳጥብ» አልኳት።

«አይ… እርስዎን እንኳ አይደለም ጋሼ» አለች፤ ሳቋን ስትውጠው ሰማኋት። «አሰልጣኝዎን ነው። ደብዳቤ ጽፈንላቸው ነበር፤ የመለሱልን አንድ መስመር ብቻ ነው። ‹እሷ ካልተጠራች እኔም አልጠራም› ይላል። እሷ ማን ናት ብለን ብንደውልላቸው፣ ‹ንፋስ መውጫ ያለውን ባለ ፎቶ ኮፒ ጠይቁት› ብለው ዘጉብን።»

እሷ ማን እንደሆነች ለማስረዳት መጀመሪያ ስለ አሰልጣኛችን መናገር አለብኝ። የስማዳ ሰው ናቸው። ዘመናዊ ትምህርት ሳይጀምሩ በፊት ቤተ ክህነት ዜማ ሲማሩ ስላደጉ የቡድኑ ልጆች ሁሉ «የኔታ» ነበር የምንላቸው። የስፖርት ክፍሉ አንድ የሩጫ ሰዓት ነበረው፤ እሱም አንድ ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ትንፋሹ ቆመ። አዲስ እንዲገዛ ተጠየቀ፤ «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። እስካሁንም በሂደት ላይ ያለ ይመስለኛል። የኔታ ግን ሂደት የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። ከአንገታቸው ላይ አርባ አንድ ፍሬ ያላትን መቁጠሪያቸውን አወለቁና ሜዳው ዳር ቆሙ። አንድ ፍሬ፣ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። አርባ አንዱ ሲያልቅ አንድ መቁጠሪያ ሞላ ይላሉ፤ ጎበዝ ሯጭ በዚያ ውስጥ ሜዳውን አንዴ ዞሮ ይመጣል።

ነገሩ ከንክኗቸው የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ነበር። አባም አሰብ አድርገው፣ «ልጆቹም ሮጡ፣ እርስዎም ጸለዩ፤ ማን ተጎዳ?» አሏቸው አሉ። እንዲህ ሆኖ ሌላው ቡድን በአሰልጣኙ እየተሰደበ ሲሮጥ እኛ እየተጸለየልን እንሮጥ ነበር። እኔ ሳልፍ ደግሞ የየኔታ እግዚኦታ ከወትሮው ጠለቅ ይል ነበር፤ ከልባቸው ነው የሚለምኑልኝ።

እሷ ከአርብ ገበያ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ለሴቶች አምስት ሺህ ሜትር የሚባል ውድድር አልነበረም። የኔታ አንድ ቀን ከአሥራ አንድ ወንዶች ጋር አሰለፏት። ተመልካቹ ገና ስትቆም ጀምሮ ሳቀ። እኔ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነኝ። እስከ ሦስተኛው ዙር ጀርባዋን አየሁ፤ ከዚያ ጠፋችብኝ። ብዙ ቆይቼ ጀርባዋን እንደገና ሳይ ደስ አለኝ፤ የደረስኩባት መስሎኝ ነበር። ለካ ዙር ደርባኝ ማለፏ ነው። ሦስተኛ ገባች። የሳቀው ሁሉ ጸጥ አለ። የኔታ መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ «አሥራ ሁለት መቁጠሪያ!» ብለው ጮኹ። በዚያ ሜዳ እንዲያ የሮጠ ሴት ቀርቶ ወንድም ብዙ አልነበረም።

ቢሮው ግን አልጻፈላትም። «ሴት በወንድ ውድድር የሮጠችው በየትኛው አምድ ይገባል?» አሉ። አምድ ስላልተገኘላት ውጤቱ ቀረ። የኔታ በሁላችንም ፊት፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ሳይጻፍልሽ አልሞትም» አሏት። በዓመቱ አባቷ ዐረፉ፤ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ንግድ ገባች። የኔታ ዛሬ ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ነገሩ እስካሁን አልተጻፈም።

ውጤቷ ያለው የየኔታ ደብተር ላይ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው አሮጌ መዝገብ ጣሪያው ሲያፈስበት ኖሮ ወረቀቱ ወደ ሊጥነት ተለውጧል። የደብተሩ ቅጂ እኔ ዘንድ አለ፤ የኔታ ከጥቂት ዓመታት በፊት «አይጥ ሳይቀድመኝ ኮፒ አድርግልኝ» ብለው ሲያመጡት አንድ ለራሴ አስቀርቼ ነበር።

እሷ ማን እንደሆነች ስነግራት ጸሐፊዋ ቅጽ በስልኬ ላከችልኝ። «ውጤት በደቂቃና በሰከንድ» የሚል ቦታ አለው። እኔ መቼም የሚያቅተኝ ነገር የለም። አንዱን እግዚኦታ አንድ ሰከንድ ብዬ መታሁት። አሥራ ሁለት ጊዜ አርባ አንድ፣ አራት መቶ ዘጠና ሁለት ሰከንድ፤ ስምንት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት። ሞላሁ፣ ላክኩ፣ ባለቤቴ ፊት እጄን አራገፍኩ።

በማግስቱ ተደወለ።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴት የሮጠችው በእግሯ ነው?»

«ታዲያ በምን ኖሯል?»

«ዓለም ላይ አለች የተባለችው ሴት እንኳ ከዚህች ኋላ ብዙ ደቂቃ ቆይታ ነው የምትገባው። ቅጹ ሲነበብ ኮሚቴው ስቆ ሞተ። ሰብሳቢያችንም ‹ይህን ሰውዬ እኔም አውቀዋለሁ፤ አጋናኝ ነው› አሉ። እስከ ሰኞ በማስረጃ ካልተስተካከለ ስሟ ይወጣል ጋሼ፤ ሰሌዳው ማክሰኞ ለቀራጩ ይሰጣል።»

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሁሉም ግን በራሴ ላይ ነበር። የሌላ ሰው እውነት በእኔ አፍ ገብቶ ውሸት ሆኖ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ረቡዕ ዕለት ተነሥቼ የኔታ ወዳሉበት ወደ ወገዳ ወረድኩ።

ስለ ወገዳ መንገድ ብዙ አልልም። ስነሣ ጉበቴ በቀኝ ነበር፤ ስደርስ የት እንዳለ እንጃ። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እቅፌ ላይ ወድቀው ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ በአራተኛው «እንግዲህ ተላምደናል» ብለው እዚያው ቀሩ።

የኔታን ያገኘኋቸው አውድማ ላይ ነው። ከሩቅ ጩኸታቸው ይሰማል።

«ዙር አትቁረጥ! አንተ ሰነፍ፣ በውጭ በኩል ዙር!»

እኔን መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በሬውን ነው። ጤፍ የሚያበራዩትን በሬዎች አሰልፈው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዙር ይቆጥሩባቸዋል።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሆድህ ደርሷል፤ አንተ መቼ ትመጣለህ?»

አውድማው ዳር ተቀምጬ ኃጢአቴን ተናዘዝኩ። አንዱን እግዚኦታ በአንድ ሰከንድ እንዳሰላሁት ስነግራቸው መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«በአንድ ሰከንድ? እንዲያ ተጣድፎ ምሕረት የሚለምን ማን ነው? ሌባ ያባረረው ሰው አደረግኸኝ እኮ!»

«ይቅርታ የኔታ። አሁን እርስዎ ይቁጠሩ፣ እኔ በስልኬ ልለካ፤ ትክክሉን እንወቀው።»

ቀና ብለው ቆሙ። ጀመሩ። ድምፃቸው አሁንም ያምራል፤ ነገር ግን ከአንዱ እግዚኦታ ወደ ሌላው እስኪሻገሩ መሐል ላይ ትንፋሽ አለ፣ ትንፋሹ መሐል ላይ ሳል አለ፣ ሳሉ መሐል ላይ ደግሞ በሬው ዙር ይቆርጣል። አርባ አንዱ ሲያልቅ ስልኬ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይላል። በአሥራ ሁለት አባዛሁት።

«ስንት ሆነ?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ግማሽ ሰዓት?»

«የኔታ፣ በዚህ ስሌት እሷ ሯጭ ሳትሆን ጤፍ ተጭና ወደ ገበያ የምትሄድ አህያ ናት። እኔንማ ገና እየሮጥኩ ነው የሚያደርገኝ።»

እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። ፍሬዎቹን በጣታቸው እያሻሹ ቆዩ።

«ሰው ሲያረጅ ጸሎቱም ይረዝማል» አሉ በመጨረሻ። «ያችን ልጅ ፊቷ ቆሜ ነው ቃል የሰጠኋት። እሷ የሌለችበት ሰሌዳ ላይ የእኔ ስም ምን ይሠራል? ሂድና ንገራት። እኔ አልቻልኩም በላት፤ ሌላ ሰው ሳይነግራት አንተ ንገራት።»

ዐርብ ዕለት ወደ እሷ አገር፣ ወደ አርብ ገበያ ሄድኩ። ከእህል ተራው ጫፍ፣ በኩንታል ጤፍና ባቄላ መሐል ቁና ይዛ ተቀምጣለች። ዓመታቱ ሰውነቷ ላይ ጥቂት ጨምረዋል፤ ዓይኗ ግን ያው የሯጭ ዓይን ነው፣ ቀድሞ ያያል።

«መጣህ? ስንት ዙር ቀረህ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስምንት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ያልኩት ላይ ስደርስ ቁናዋን አስቀምጣ በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች።

«ስምንት ደቂቃ! ምነው ስድስት ባላልክ! ክንፍም ብትጨምርልኝ ምን ነበር?» ሸማቹ ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ቆመ። «ስሜ ሲጠራ ሳቁ ማለት ነው?»

«በእኔ ነው የሳቁት።»

«ያኔም እንዲያ ነው ያሉኝ። ‹በአንቺ አይደለም፣ በነገሩ ነው› አሉኝ።» አንድ ቁና ባቄላ ሰፈረች፤ ማንም ግን አልጠየቃትም። መልሳ ደፋችው። «ተዉት። ስሜን አውጡልኝ። የኔታም ይሂዱና ይከበሩ፤ ስለ እኔ ብለው አይቅሩ።»

«ንገሪያቸው እስኪ አንቺ፤ ከበሬዎቻቸው ይልቅ እሳቸው ናቸው እንቢ የሚሉት።»

አንድ ገበሬ መጥቶ ጤፉን በመዳፉ አንሥቶ ነፋ፣ አየ፣ ሄደ። ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

«ቆይ። የኔታ ሁላችሁንም ይቆጥሩ አልነበር? ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተወዳደራችሁበት ቀንም ቆጥረዋል። የዚያን ቀን ግን ዳኞቹ ሰዓት ነበራቸው። ደቂቃና ሰከንዱ የተጻፈበት ሰርተፍኬት ለሁላችሁ ሰጥተዋል። የየኔታን ቁጥር ከሰርተፍኬቱ ጋር ብታስተያዩት የያኔው እግዚኦታ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አይታወቅም?»

እኔ ወደ ሽንኩርት ተራው ዞሬ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያየሁ ለመምሰል ሞከርኩ።

«አንተ! ሰርተፍኬትህ አለ?»

«የሌሎቹን ጠይቄ…»

«ሰርተፍኬትህ አለ ወይ ነው ያልኩህ።»

«አለም አይባል፣ የለምም አይባል።»

«አለ ማለት ነው።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሁለተኛ ወጣሁ እያልክ አገር ስታደነቁር የማልሰማ መሰለህ? ከንፋስ መውጫ የመጣ ሁሉ ያወራልኛል። አንድ ቀን ግን ውሸት ነው አላልኩም። ገበያተኛ ነኝ፤ የሰው ዕቃ አላጣጥልም።»

ይህን ካለችኝ በኋላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ግን እኔ ነኝና፣ መንገድ ላይ ሆኜ ለሁለት የቡድን ጓደኞቼ ደወልኩ፤ የእነሱ ቢገኝ የእኔ ይተርፋል ብዬ። የሁለቱም አልሆነም። ጥሩ የሮጠ ሰው ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ፀሐይ ስትልሰው ኖራ ቀለሙ ጠፍቷል። የእኔ ግን የንግድ ፈቃዴ ካለበት መስታወት ጀርባ፣ በጨለማ ተደብቆ የኖረ ነው። ስፈታው ዛሬ የታተመ ይመስላል። ነውር እንደዚያ አድርጎ ቀለም እንደሚጠብቅ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል።

«ሠላሳ አንደኛ» ብላ አነበበች። «ከሠላሳ አንድ።»

«አንደኛ የሚለው ላይ አተኩሪ።»

«እኔ ያገባሁት ሁለተኛ የወጣውን ነበር። ታዲያ ያ በደረት የቀደመህ ልጅስ?»

«ሠላሳኛው እሱ ነው። ግማሽ ዙር ያህል በደረት ቀድሞኛል።»

መጀመሪያ ወንበሩ ላይ፣ ቀጥላ ወረቀት መቁረጫው ላይ ተደግፋ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ፣ «በል ላከው» አለች። «እኔ እንደሆነ ውል አላፈርስም።»

የዚያን ቀን ሁለት ርቀት ሮጫለሁ፤ ሁለቱንም መጨረሻ። አምስት ሺው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ይላል፤ የየኔታ ደብተር አሥራ አራት መቁጠሪያ። አካፈልኩት፤ አንዱ እግዚኦታ ሁለት ሰከንድ። አንድ ሺህ አምስት መቶው አምስት ደቂቃ ከሃያ ስምንት፤ ደብተሩ አራት መቁጠሪያ። አካፈልኩት፤ አሁንም ልክ ሁለት። ዝንፍ አይልም! ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ እሷ ሯጭ ነች፣ እኔ ሠላሳ አንደኛ ነኝ። ሰርተፍኬቱንና የደብተሩን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጌ ላክኩ።

ጸሐፊዋ ቅዳሜ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔም አሰላሁት። አሥራ ስድስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ። በዚያ አቧራ ሜዳ፣ በዚያ ጫማ!» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። «የእርስዎን ሰርተፍኬት ግን ለማስረጃ ማሳየት ግድ ይለኛል። ይፈቅዳሉ?»

«ለኮሚቴው ብቻ።»

«ለኮሚቴው ብቻ።»

የበዓሉ ቀን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዤ ሄድኩ። ባጃጅ ነጂዎች፣ ደንበኞቼ፣ የባለቤቴ ወንድሞች፤ ሰርተፍኬቱ ሳይመጣ በፊት የጋበዝኳቸው ስለሆኑ ቅሩ ማለት አልተቻለኝም። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን በሱፍ ላይ ደርበው ፊት ተቀምጠዋል። እሷ አጠገባቸው ናት፤ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል።

ጸሐፊዋ መድረክ ላይ ወጣች። «ስለ አንዲት አትሌት ውጤት ማስረጃ እንዴት እንዳገኘን ላሳያችሁ» አለች። ስክሪኑ በራ። የእኔ ሰርተፍኬት። ቤት ያህላል። ሠላሳ አንደኛ የሚለው ብቻውን አንድ በሬ ያህላል። ለኮሚቴው ብቻ ብላኝ ነበር፤ ለካ ኮሚቴው አዳራሽ ሙሉ ሰው ኖሯል።

ከኋላ አንድ የማውቀው ድምፅ፣ «ሁለተኛው!» ብሎ ጮኸ። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። አዳራሹ ፈረሰ። ምን ላድርግ? ተነሥቼ በአራቱም አቅጣጫ እጅ ነሣሁ። እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ሁለተኛ ብወጣ ኖሮ የዚህን ግማሽ አላገኝም ነበር።

ከዚያ የእሷ ስም ተጠራ። አሥራ ስድስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ተባለ። ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ተነሡ፣ ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ወደ መድረኩ ስትሄድ እንደዚያ ቀስ ብላ ስትራመድ አይቻት አላውቅም፤ መንገዱ እንዲያልቅባት አልፈለገችም። ሰሌዳው ላይ የነበረው ጨርቅ ተገለጠ፤ ስሟ ከነሰዓቷ ተቀርጿል።

ቀጥሎ የየኔታ ስም ተጠራ። ቆሙ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም። ሰሌዳውን ትኩር ብለው አዩት።

«ስሕተት አለበት» አሉ።

ጭብጨባው ቆመ። ጉበቴ ወገዳ መንገድ ላይ እንደሆነው ቦታውን ለቀቀ።

«ሃያ አራት አይደለም፤ ሃያ ሦስት ነው። መስመሩን ስታልፍ የመጨረሻዋን እግዚኦታ አልጨረስኳትም። ‹እግዚኦ መሐረነ› ብያለሁ፤ ‹ክርስቶስ› አላልኩም።»

ሰብሳቢው ጸሐፊዋን አዩ፤ ጸሐፊዋ እኔን አየችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? እዚያ ሰዓት ገና ሁለት ዙር ይቀረኝ ነበር።

እሷ ከመድረኩ ላይ፣ «የኔታ፣ ይተዉት በማርያም! አንዲት ሰከንድ ናት» አለች።

«አንቺ ዝም በይ! ያኔም አልጻፉልሽም።»

ጸሐፊዋ ማርከር አውጥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ቀራጩ ያን ያህል የደከመበትን አራት ሰርዛ ከጎኑ ሦስት ጻፈች። የኔታ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አነበቡት፤ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ መድረኩ ወጡ፤ እሷም ሁለት ደረጃ ወርዳ እጃቸውን ያዘች።